ተክል ባክቴሪያ እንደመጣበት በምን ያውቃል?

ተክል ሲታመም ቶሎ እናያለን፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይጠቁራል፣ ነጠብጣብ ያወጣል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ተክል አብዛኛውን ጊዜ አለመታመሙን ነው። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር የምትሆን የቅጠል ገጽ ላይ ከ1 ሚሊዮን እስከ 10 ሚሊዮን ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፣ ተክሉ ደሞ ሮጦ አያመልጥ፣ ጠርጎ አይጥል፣ በደም ውስጥ እየዞረ ጠላት የሚያሳድድ ነጭ የደም ሴል የለው፣ እንደኛ አንቲቦዲ አይሰራ። እና ታዲያ እንዴት ነው በሕይወት የሚቆየው? ነገሩ እያንዳንዱ የተክል ሴል ለብቻው የሚለይና ለብቻው የሚከላከል መሆኑ ነው። ሌላ ቦታ ካለ ሴል እርዳታ እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ባክቴሪያው የነካው ሴል ራሱ ነው የሚጀምረው።

እሺ፣ ግን በምን ያውቃል? አይን የለውም፣ ስለዚህ የሚያውቀው በሞሌኪውል ነው። የትኛው ሞሌኪውል ነው የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ፣ ምክንያቱም ባክቴሪያ በሰአታት ውስጥ ይራባል፣ በየጊዜው ይለዋወጣል፣ ተክል ደሞ አንድ ትውልድ ለመተካት ወራት ዛፍ ከሆነም አመታት ይፈልጋል። ባክቴሪያው እንደልቡ ሊቀይረው የሚችለውን ነገር መለያ ካደረገ ተሸነፈ ማለት ነው። ስለዚህ ተክል የያዘው ባክቴሪያው ልተወው ቢል እንኳ ሊተወው የማይችለውን ነገር ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ሳይንስ ውስጥ ትልቁ ሀሳብ ይሄ ነው ባይ ነኝ፣ ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ብዙ ባክቴሪያ ለመዋኛ ፍላጀለም የሚባል ረጅም ጅራት አለው። ጅራቱ ፍላጀሊን የሚባል አንድ ፕሮቲን በሺዎች የሚቆጠር ቅጂው እየተደራረበ የሚሰራ ነው። የፍላጀሊን መሀል ከባክቴሪያ ባክቴሪያ በጣም ይለያያል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ያን ያህል አይለያዩም ምክንያቱም ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ተያይዘው ጅራት የሚሆኑት በነሱ በኩል ነው፣ እዛ ላይ ከባድ ለውጥ ከመጣ ጅራቱ ይበላሻል መዋኘትም ይቀራል። በ1999 ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ ጌኦርግ ፌሊክስና ቶማስ ቦለር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የተክል ሴል የሚለየው ክፍል የቱ እንደሆነ አገኙ፣ ከአንደኛው ጫፍ አጠገብ ያለች 22 አሚኖ አሲድ ብቻ የሆነች ቁራጭ ናት። ኤፍኤልጂ22 ይሏታል። ይህችን ቁራጭ ላብራቶሪ ውስጥ ሰርተህ፣ አንድም ባክቴሪያ በሌለበት፣ እጅግ በጣም ጥቂት ብቻ ተክሉ ላይ ብታደርግ ተክሉ ባክቴሪያ የመጣበት ያህል ሙሉ መከላከያውን ያነሳል። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ተክሉ የሚያውቀው ባክቴሪያውን ሳይሆን ባክቴሪያው ያለዚያ መኖር የሚቸግረውን ቁራጭ ነው።

ደሞ እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ያቺ 22 አሚኖ አሲድ ጅራቱ ተገጣጥሞ ሳለ በውስጥ በኩል ተቀብራ ነው ያለችው፣ ከውጭ አትታይም። እና ተክሉ እንዴት ያገኛታል? በ2019 የወጣ ስራ አንዱን መንገድ አሳይቷል፣ በአንዳንድ ባክቴሪያዎች ፍላጀሊኑ ላይ ስኳሮች ተለጥፈው ይሸፍኑታል፣ ተክሉ ደሞ በሴሎቹ መሀል ባለው ክፍተት ውስጥ ስኳሩን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይለቃል፣ ስኳሩ ሲነሳ ሌሎች ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን ይቆራርጡታል ቁራጯም ትወጣለች። ባክቴሪያዎቹም ዝም አላሉም፣ አንዳንዶቹ የተክሉ ኢንዛይም የማይቆርጠውን አይነት ስኳር ይለጥፋሉ። ማለትም ቁራጯን መቀየር ሲከብዳቸው መሸፈኛውን ይቀይራሉ።

ቁራጯን የሚይዘው የተክሉ ፕሮቲን በ2000 ነው የተገኘው፣ እዛው ባዝል፣ በሎርደስ ጎሜዝ ጎሜዝና በቦለር። መንገዳቸው ቀላልና ብልህ ነበር። አራቢዶፕሲስ የምትባል ትንሽ ተክል (የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ ናት፣ የተክል ሳይንስ ግማሹ በሷ ላይ ነው የተሰራው ማለት ይቻላል) ቡቃያዋን ኤፍኤልጂ22 ባለበት ብታሳድጋት እድገቷ ይቆማል፣ ጉልበቷን ሁሉ ወደ መከላከል ስለምታዞር ነው። እነሱ ታዲያ ጂናቸው የተነካካ ብዙ ቡቃያዎችን በዚሁ ላይ አሳድገው ምንም እንዳልተፈጠረ ማደጋቸውን የቀጠሉትን ለይተው አወጡ፣ እነዚህ ቁራጯን መስማት ያቃታቸው ናቸው። የተበላሸባቸውን ጂን ሲፈልጉ ኤፍኤልኤስ2 የሚባለውን ሪሴፕተር (ከውጭ የመጣን ምልክት የሚቀበል ፕሮቲን ማለት ነው) አገኙ። ቅርጹ ግማሹ ከሴሉ ውጭ ግማሹ ከውስጥ ነው፣ የውጩ ክፍል 28 ጊዜ እየተደጋገመ የሚጠማዘዝ ነገር ሆኖ ቁራጯን ይይዛል፣ የውስጡ ደሞ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት እየለጠፈ መልእክት የሚያስተላልፍ ኢንዛይም ነው።

ኤፍኤልኤስ2 ብቻውን ግን አይሰራም። ባክ1 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ከጎኑ መምጣት አለበት፣ በ2013 የወጣው የሞሌኪውሉ ምስል ቁራጯ ሁለቱን እንደ ሙጫ አያይዛ እንደምትይዝ በግልጽ አሳይቷል። የሚገርመው ባክ1 መጀመሪያ የታወቀው በመከላከያ ሳይሆን በእድገት ሆርሞን ነው፣ የእድገት ሆርሞን ሪሴፕተርም ያለሱ በደንብ አይሰራም። አንድ ፕሮቲን ለማደግም ለመከላከልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው እኔን ሁሌ የሚያስደንቀኝ። ሁለቱ ሪሴፕተሮች በሰከንዶች ውስጥ ይያያዛሉ፣ ቢክ1 የሚባል ከበታቻቸው ያለ ኢንዛይም ይነቃል፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልሲየም ከውጭ ወደ ሴሉ ይገባል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደሞ ሴሉ ሽፋን ላይ ያለ ኢንዛይም ኦክስጅንን ወደ አደገኛ አይነቱ እየቀየረ ወደ ውጭ ይለቃል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጭምር ማለት ነው፣ እሱ ባክቴሪያውን ይጎዳል ለሌሎች ሴሎችም ምልክት ይሆናል። በ5 እና 10 ደቂቃ መሀል የተለያዩ ኢንዛይሞች ተራ በተራ እየተነሱ መልእክቱን ወደ ኒውክሊየስ ያደርሳሉ፣ በግማሽ ሰአት ውስጥ ከ1000 በላይ ጂኖች ስራቸው ይቀየራል። ሰአታት ካለፉ በኋላ ደሞ ሴሉ ባክቴሪያው ባለበት ቦታ ግድግዳውን ካሎስ በሚባል ነገር ያወፍራል። ይሄ ሁሉ አእምሮ በሌለው፣ ነርቭ በሌለው ነገር ውስጥ ነው። ተክል ዝም ብሎ ቆሞ የሚበላ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህችን ግማሽ ሰአት ማየት አለበት።

አሁን ስለ ቀዳዳዎቹ ላውራ። ባክቴሪያ እንደ ፈንገስ የቅጠሉን ቆዳ በስቶ መግባት አይችልም፣ በአብዛኛው ወይ ቁስል ይፈልጋል ወይ ቅጠሉ አየር በሚያስገባባቸው ስቶማታ በሚባሉት ቀዳዳዎች ይገባል። ድሮ እነዚህ ቀዳዳዎች ባክቴሪያ እንደፈለገ የሚያልፍባቸው ክፍት በሮች ናቸው ተብለው ነበር የሚታሰቡት። በ2006 ማኤሊ ሜሎቶና ሼንግ ያንግ ሂ ከቡድናቸው ጋር ያሳዩት ግን ሌላ ነው፣ ቅጠሉ ባክቴሪያ ሲያገኝ በአንድ ሰአት አካባቢ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ኤፍኤልጂ22 ብቻውን እንኳን ያዘጋቸዋል። ይሄ ውጤት ከሁለት አመት በፊት በ2004 የታየ አንድ ነገርንም ግልጽ አደረገው። ያኔ ሲሪል ዚፕፈልና ባልደረቦቹ ኤፍኤልኤስ2 የሌላቸው ተክሎች ላይ ባክቴሪያ ሲረጩባቸው በጣም እንደሚታመሙ፣ ባክቴሪያውን በመርፌ በቀጥታ ቅጠሉ ውስጥ ሲጨምሩት ግን ከጤነኛዎቹ እንደማይለዩ አይተው ነበር። ስለዚህ የዚህ ሪሴፕተር ትልቁ ጥቅም በመግቢያው ላይ ነው፣ ገና ባክቴሪያው ሳይገባ።

ባክቴሪያውስ? ሲውዶሞናስ ሲሪንጌ የሚባለው፣ ቲማቲምን ጨምሮ ብዙ ሰብል የሚያጠቃ፣ ኮሮናቲን የሚባል መርዝ ያመርታል፣ በ3 እና 4 ሰአት ውስጥ የተዘጉትን ቀዳዳዎች መልሶ ያስከፍታል። ኮሮናቲን የሚሰራው ጃስሞኔት የሚባለውን የተክሉን የራሱን ሆርሞን አስመስሎ ነው። ተክሉ ጃስሞኔትን የሚጠቀመው በተለይ ነፍሳት ሲበሉትና ሲቆስል ነው፣ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባለውን ደሞ ሕያው ሴል ላይ ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንዱ ሲነሳ ሌላውን ያወርደዋል። ባክቴሪያው ስለዚህ ተክሉን ነፍሳት እየበሉህ ነው ብሎ የሚያታልለው ያህል ነው፣ ተክሉ ወደዛኛው ሲዞር ወደዚህኛው ያለው መከላከያ ይደክማል። ይሄን ሳነብ ባክቴሪያውን ማድነቅ ነው የምጀምረው፣ እውነቴን ነው።

ግን ዋናው የባክቴሪያው መሳሪያ ሌላ ነው። መርፌ በሚመስል ነገር ፕሮቲኖችን በቀጥታ ወደ ተክሉ ሴል ውስጥ ያስገባል። ሲውዶሞናስ ሲሪንጌ ውስጥ በብዛት የሚጠናው ዝርያ ብቻ ወደ 30 የሚጠጋ እንደዚህ አይነት ፕሮቲን አለው፣ አንዱ ኤፍኤልኤስ2ን እንዲፈርስ ያደርጋል፣ ሌላው ባክ1ን ያደናቅፋል፣ ሌላው ወደ ኒውክሊየስ የሚሄደውን መልእክት መንገድ ላይ ይቆርጣል። ብዙዎቹ የሚያነጣጥሩት እላይ ያወራሁትን ሰንሰለት ነው፣ ይሄ ራሱ ሰንሰለቱ ለተክሉ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ከማንኛውም ሙከራ በላይ ይናገራል።

ተክሉም ለዚህ በሴሉ ውስጥ ሁለተኛ ጠባቂ አለው። እነዚህ ከሴሉ ሽፋን ላይ ሳይሆን ከውስጥ የሚጠብቁ ፕሮቲኖች ናቸው፣ አራቢዶፕሲስ ወደ 150 የሚሆኑ አሏት፣ የሚጠብቁትም በመርፌ የገቡትን ፕሮቲኖች ወይ እነሱ ያደረሱትን ጉዳት ነው። ከነዚህ ውስጥ ዛር1 የሚባለውን ማውራት አለብኝ። ዛንቶሞናስ የሚባል የጎመን ዘሮችን የሚያጠቃ ባክቴሪያ አንድ ፕሮቲን ያስገባና ቢክ1ን፣ ያንን ከሪሴፕተሮቹ ሥር ያለውን፣ ኬሚካል ለጥፎበት ያሽመደምደዋል። ተክሉ ግን ቢክ1ን በጣም የሚመስል ሌላ ፕሮቲን አለው፣ የባክቴሪያው ፕሮቲን እሱንም ቢክ1 መስሎት ያንኑ ኬሚካል ይለጥፍበታል። ይሄኛው ደሞ ማጥመጃ ነው! ኬሚካሉ እንደተለጠፈበት ሄዶ ዛር1ን ያነቃዋል። ባክቴሪያው ስራውን በትክክል በሰራ ቁጥር ይያዛል ማለት ነው፣ እንዳይያዝ ስራውን መተው አለበት፣ ስራውን ከተወ ደሞ ቢክ1 ነጻ ነው። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ያው መጀመሪያ ያልኩት ሀሳብ እዚህም አለ፣ ተክሉ የሚይዘው ባክቴሪያው ሊተወው የማይችለውን ነው፣ አንዱ ጋ አካሉ ሌላው ጋ ስራው።

ዛር1 ሲነቃ ምን እንደሚሆን በ2019 ቻይና ውስጥ ጂጄ ቻይ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አሳየ፣ አምስት ዛር1 ክብ ሰርተው ይገጥማሉ፣ ከክቡ ላይ የሚወጣው ጫፍ የሴሉ ሽፋን ውስጥ ይሰካል። በ2021 ደሞ ያ ነገር ካልሲየም የሚያስገባ ቀዳዳ እንደሆነ ታወቀ። ካልሲየም! ያው ከውጭ ያለው ሪሴፕተርም የሚጀምረው በካልሲየም ነው። ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ሴሉ ራሱን መግደሉ ነው፣ የተጠቃው ሴል ሲሞት በሕይወት ያለ ሴል የሚፈልገው ባክቴሪያ መኖሪያ ያጣል። ለረጅም ጊዜ የውጩና የውስጡ መከላከያ ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው ተብሎ ነበር የሚጻፈው፣ እዛው 2021 የወጡ ሁለት ስራዎች ግን አንዱ ያለሌላው ደካማ እንደሆነ አሳይተዋል፣ የውጩ ከሌለ የውስጡ በሙሉ ጉልበቱ አይሰራም፣ የውስጡ ሲነሳ ደሞ የውጩን ፕሮቲኖች ያበዛል። መማሪያ መጽሐፎች ላይ ያለው ደረጃ በደረጃ የሆነው ስዕል ለመጀመር ጥሩ ነው ግን እሱ ላይ መቆም ልክ አይመስለኝም።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ። ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም እኮ፣ ሥር አካባቢ ያለው አፈር በባክቴሪያ የተሞላ ነው፣ ብዙዎቹ ምንም አያደርጉም፣ ጥቂቶቹም ለተክሉ ይጠቅማሉ፣ እነሱም ጅራት አላቸው። ሥሩ ፍላጀሊን ባገኘ ቁጥር ቢዋጋ መቼ ያድጋል? በ2020 ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ የኒኮ ጌልድነር ቡድን የሰራው ሙከራ ለዚህ መልስ አለው፣ እኔ ከዚህ ዘርፍ በጣም የምወደው ሙከራ ይሄ ነው። ሥሩ ላይ አብዛኞቹ ሴሎች ኤፍኤልጂ22 ብቻውን ሲሰጣቸው ያን ያህል አይመልሱም። ከዛ በሌዘር አንድ ሴል ብቻ ነጥለው አቃጠሉ፣ ያኔ ከሞተው ሴል አጠገብ ያሉት ሴሎች ለኤፍኤልጂ22 መልስ መስጠት ጀመሩ። ማለትም ሥሩ ባክቴሪያ መኖሩን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፣ ባክቴሪያ አለ እና ደሞ ጉዳት አለ ወይ ነው። ሁለቱ ከተገናኙ ብቻ፣ እዛችው ቦታ ላይ ብቻ፣ ይነሳል። ቅጠሉ ጋ ያለው ጥንቃቄ ሌላ ሥሩ ጋ ያለው ሌላ፣ ያሉበት ሁኔታ የተለያየ ስለሆነ።

ይሄን የሚያህል ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መከላከያ ውድ ስለሆነ ነው። ኤፍኤልጂ22 ላይ ያደገች ቡቃያ ትንሽ ሆና ትቀራለች ብያለሁ፣ የባዝሎቹ ሙከራ የተሰራውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ሰብል ሁሌ በንቃት እንዲከላከል እናድርገው የሚለው ሀሳብ ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል፣ ግን ምርቱ ይቀንሳል፣ ትክክለኛው ነገር በትክክለኛው ጊዜ ብቻ የሚነሳ መለያ መስጠት ነው።

ከሰው ጋር ስላለው መመሳሰል በአጭሩ። እኛም ፍላጀሊንን የሚለይ ሪሴፕተር አለን፣ ቲኤልአር5 ይባላል፣ ግን የሚይዘው የፍላጀሊኑን ሌላ ክፍል ነው፣ ከአንድ አባት የወረስነው ሳይሆን እንስሳና ተክል ለየብቻቸው እዛው ፕሮቲን ላይ የደረሱ ነው የሚመስለው። እንስሳት ጀርምን እንደዚህ ባለ ሪሴፕተር እንደሚለዩ ያሳየውን ግኝት አለም ሁሉ ያውቀዋል፣ ዡል ሆፍማንና ብሩስ ቦይትለር በ2011 ኖቤል ወስደውበታል። ነገር ግን የፓሜላ ሮናልድ ቡድን ኤክስኤ21 የሚባለውን ሩዝን ከባክቴሪያ በሽታ የሚከላከል ሪሴፕተር ጂን ያወጣው በ1995 ነው፣ ሆፍማን ይሄንኑ ዝንብ ላይ ያሳየበት ስራ ከመውጣቱ አንድ አመት ቀደም ብሎ። የተክል ሰዎች ስማቸው ቢነሳ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ይሄ ሁሉ ሰብል ላይ ምን ይጠቅማል ለሚል፣ ከኤፍኤልኤስ2 ሌላ ኢኤፍአር የሚባል ሪሴፕተር በ2006 ተገኝቷል። እሱ የሚይዘው ባክቴሪያ ፕሮቲን ለመስራት የሚጠቀምበትን ኢኤፍ ቲዩ የሚባል ፕሮቲን ጫፍ ነው፣ ያለሱ ባክቴሪያ ሊኖር አይችልም። ኢኤፍአር ያላቸው ግን የጎመን ዘሮች ብቻ ናቸው። በ2010 እንግሊዝ ኖርዊች ውስጥ የዚፕፈል ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ ጂኑን ወስዶ ቲማቲም ውስጥ አስገባው። ቲማቲም ይህችን ጫፍ ለይቶ የማያውቅ ተክል ነው፣ ጂኑ ሲገባለት ግን መለየት ጀመረ፣ ቲማቲምን አጠውልጎ የሚገድለውን ራልስቶኒያንም በደንብ ተቋቋመ። ያስገቡት ሪሴፕተሩን ብቻ ነው፣ የውስጡ ሰንሰለት፣ ካልሲየሙ፣ ኢንዛይሞቹ፣ ሁሉም ቲማቲሙ ውስጥ ቀድሞም ነበሩ፣ የጎደለው የሚለየው ጫፍ ብቻ ነበር።

ከፍላጀሊን ለማምለጥ ደሞ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ያንን የማይነካውን ክፍል ራሱን መቀየር ችለዋል፣ ቀላል ባይሆንም። አግሮባክቴሪየም አንዱ ነው፣ ወይን ግንድ ላይ እብጠት የሚያወጣው፣ የሱን ቁራጭ የተለመደው ኤፍኤልኤስ2 አይለየውም። በ2020 ግን ከአንድ የዱር ወይን ዝርያ ውስጥ የአግሮባክቴሪየምንም የሌሎቹንም ቁራጭ የሚለይ ሌላ አይነት ኤፍኤልኤስ2 ተገኘ፣ ወደ ሌላ ተክል ሲያዛውሩትም እብጠቱን ቀንሶታል። ባክቴሪያው የቀየረውን አንድ የዱር ተክል ተከትሎ ደርሶበታል ማለት ነው፣ እኛ ከምንተክላቸው ሰብሎች ይልቅ የዱር ዘመዶቻቸው ውስጥ ስንት እንደዚህ አይነት ሪሴፕተር እንዳለ መፈለግ አሁን ከተያዙት ስራዎች ውስጥ እኔ በጣም ተስፋ የማደርግበት ነው።